ለአርብ ሩጫ የሐሙስ እራት

ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ ብቻ ጠጥታችሁ ከቤት ወጥታችሁ፣ ረፋዱ ላይ ጉልበታችሁ ድንገት ከድቷችሁ ያውቃል? ዓይን ብዥ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይሞቅ ያልባል። «ምን ነካችሁ?» ለሚል ሰው ምን ትሉታላችሁ? በልቻለሁ እንዳትሉ ሆዳችሁ ይታዘባችኋል፤ አልቀመስኩም እንዳትሉ ሻዩን ጠጥታችኋል።

እኔ ይህን ነገር የማውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ ነበር። በዓይኔ ያየሁት ግን ባዮሎጂ ለማስተማር ቢቸና በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት፣ በትምህርት ቤታችን የሩጫ ማጣሪያ ቀን ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዷ፣ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ቀጭን ልጅ፣ ለሦስት ሺህ ሜትር ተሰልፋ ነበር። ከቤቷ ስትወጣ የቀመሰችው ሻይ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ የስፖርት መምህራችን እንደ ልማዱ ስኳር በውኃ በጥብጦ ሯጮቹን በየተራ አጠጣ፤ በላዩ ከረሜላ አደለ። ወዲያው ቢሮጡ ምናልባት ደህና ነበር። የክብር እንግዳው ግን ዘገዩ። ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቋቸው፤ ከመጡም በኋላ ንግግራቸውን ጠበቁ።

ሩጫው ሲጀመር ልጅቷ ተስፈንጥራ ወጣች። ማንም አልቀረባትም። በመጨረሻው ዙር፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ተሳሰረ፤ ወደቀች። ተነሥታ እየተንገዳገደች ሁለተኛ ገባች። ሁለተኛም ቢሆን ሞጣ ላይ ለሚደረገው የወረዳዎች ውድድር የሚያበቃ ነው። እኛ አጨበጨብን። ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ደረሰ።

ሰኞ ጠዋት አባቷ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ፣ ዱላቸውን እንደ ያዙ ርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።

«ልጄን የላክኋት ፊደል እንድትቆጥር ነው» አሉ። «በአደባባይ እንድትደፋ አይደለም። ከእንግዲህ ሩጫ የለም።»

ልጅቷ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታ ቆማለች። መሬቱን በጫማዋ ጫፍ ትጭራለች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የራሴ ጉዳይ የሆነው። የወደቀችው ደካማ ሆና እንዳልሆነ አውቃለሁና።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለሚሰማም ለማይሰማም ማስረዳት ጀመርኩ። «ስኳር የጭድ እሳት ነው። ቦግ ይላል፣ ወዲያው ይከስማል። ስንዴው፣ ገብሱ፣ ድንቹ ግን ስታርች ነው፤ እንደ ወይራ ግንድ ቀስ ብሎ ይነድዳል። ሁለቱም ኃይል ሰጪ ናቸው፤ ልዩነቱ ፍጥነታቸው ላይ ነው።»

የስፖርት መምህሩ ሻዩን እያማሰለ፣ «ታዲያ እመቤቴ» አለኝ፣ «ጭድ ሳይኖር ወይራውን በምን ልታቀጣጥይው ነው?»

«ቤቱን በጭድ ብቻ ላሙቅ ያልከው አንተ ነህ።»

«እሺ፤ በዚህ ምላስሽ አባትዬውን አሳምኚያቸው። ካሳመንሻቸው የሯጯ ምግብ ያንቺ፣ ልምምዷ የእኔ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጅቷ መንገድ እየመራችኝ ቤታቸው ሄድኩ። ይዤ የሄድኩት ንግግር ብዙ ነበር፤ ከመግቢያ እስከ ማጠቃለያ በቅደም ተከተል አዘጋጅቼዋለሁ። እናቷ የስንዴ ዳቦ በሰፌድ ሲያቀርቡልኝ ግን ንግግሩን ሁሉ ተውኩት።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አልኩ። «ከዚህ ዳቦ ቆረስ ያድርጉና ያኝኩት። እንዳይውጡት ግን።»

«ካልዋጥኩት ለምን አኝከዋለሁ?»

«ለጥቂት ጊዜ ነው። እኔም አብሬዎ አኝካለሁ።»

ፊት ለፊት ተቀምጠን ማኘክ ጀመርን። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ያዙ፤ በመጨረሻ አልቻሉም። «ኧረ እንደ በሬ አመነዠክ እኮ!» አሏቸው ባላቸውን።

እሳቸው አልሳቁም። ግንባራቸው ቀስ ብሎ ሲቋጠር አየሁ። ወደ ሚስታቸው ዞሩና በሙሉ ጉንጫቸው፣ «ሊጡ ላይ ምን ጨመርሽበት?» አሉ።

«ጨውና እርሾ ነው፤ ምን እጨምራለሁ?»

«ጣፈጠኝ።»

ከመቀመጫዬ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝም። አንገታቸው ላይ ያለውን መቁጠሪያ አሳየኋቸው። «ስታርች ማለት እንዲህ ነው፤ ብዙ የስኳር ዶቃ በአንድ ክር የተሰካ። ክሩ ሳይፈታ ምላስ ጣፋጭነቱን አያውቀውም። ምራቅዎ ክሩን መፍታት ጀመረ፤ ጣፈጠዎት። የቀረውን አንጀት አንድ በአንድ ይፈታዋል፤ ስለዚህ ኃይሉ ለረጅም ጊዜ ይመጣል። ከነገለፈቱ የተበላ እህል ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። የገበያው ስኳር ግን ክሩ አስቀድሞ የተበጠሰ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይፈስሳል፤ ሰውነት ደንግጦ ከደም ጠራርጎ ያነሣዋል፤ ያኔ ጉልበት ይከዳል። ልጅዎ ያን ቀን የሮጠችው በዚያ ብቻ ነው።»

አባትየው ዋጡና ሰፌዱን ተመለከቱ። «ስኳሩ ከስንዴዬ ውስጥ ካለ» አሉ በኋላ፣ «ነጋዴው የሚሸጥልኝ ምኑን ነው?»

«የተበተነውን ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «አንድ ጊዜ ትሩጥ። እኔም ሞጣ አብሬ እሄዳለሁ። ከወደቀች ግን ይዣት እመለሳለሁ፤ ሁለተኛ ሩጫ የሚል ሰው ከደጄ እንዳይደርስ።»

ልጅቷ ውኃ ልቀዳ ነው ብላ ወጣች። ስሸኝ ሳያት ውኃ አልቀዳችም፤ ከቤቱ ጀርባ ቆማ ትስቃለች።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ከሩጫው ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የስንዴ ቅንጬ ትበላለች፤ አለቀ። ግን የውድድሩ ፕሮግራም ሲደርሰን የሴቶች ሦስት ሺህ ሜትር አርብ ጠዋት ሆኖ ተገኘ።

የስፖርት መምህሩ ወረቀቱን አንብቦ እኔን እኔን ያያል። «ቅንጬሽ ጾም ገባ» አለኝ።

አርብ ቅዳሴ ሳይወጣ እንደማትቀምስ ልጅቷን መጠየቅም አላስፈለገኝም። እኔም አልቀምስም። ስለዚህ ያለን የሐሙስ እራት ብቻ ነበር፤ አንድ እራት አድሮና አርፍዶ፣ እስከ ሩጫው መጨረሻ ሊያደርሳት ይገባል። መደንገጥ ሲገባኝ ደስታ ውጦኝ ክፍሌ ውስጥ መንጎራደድ ጀመርኩ። ሰውነት እኮ ጎተራ አለው። ማታ የተበላው እህል ትርፉ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይከማቻል፤ ጠዋት ሆድ ባዶ ቢሆንም ጎተራው ሙሉ ነው። ጎተራ ደግሞ በከረሜላ አይሞላም። ከሰኞ ጀምሮ ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ቆሎ እንድትቆረጥም፣ ማታ ማታ ንፍሮና ድንች እንዳይቀርባት አደረግን። ሻዩንም አልከለከልኳትም፤ ከዳቦ ጋር ይሁን ነው ያልኩት።

ሐሙስ በአይሱዙ ተጭነን በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባን። ሞጣ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ሌሎቹ ተማሪዎች በተመደበላቸው ትምህርት ቤት ሲያርፉ ልጅቷን፣ አባቷንና የስፖርት መምህሩን ወደ እናቴ ቤት ወሰድኳቸው። ቀድሜ መልእክት ልኬላት ስለነበር ቅንጬው በትልቅ ድስት ተሠርቶ፣ የስንዴና የባቄላው ንፍሮም ቀርቦ ጠበቀን። እናቴ ግን ከጓዳ ሌላ ነገር ይዛ ብቅ አለች፤ ነጭ ማር፣ በሳሕን ሙሉ።

«እማዬ፣ ማሩ ለነገ ይቆይ» አልኳት።

«እንግዳ እቤቴ ገብቶ ማር ሳላቀርብ?»

«ማርም ስኳር ነው። ዛሬ ሆዷን በሱ ከሞላች እህሉን አትበላም።»

«ማር ስኳር ነው?» እናቴ ወደ አባትየው ዞረች። «ይሰማሉ? አስተምሬ አስተምሬ ማርን ከስኳር የማትለይ ልጅ አወጣሁ።»

«ይተዉአት እመቤቴ» አሉ አባትየው። «ይቺ ልጅ ከደረቅ ዳቦ ማር የምታወጣ ናት።»

የስፖርት መምህሩ ብቻ በሁለቱም ወገን ቆመ፤ ቅንጬውንም ማሩንም በላ። «እኔ ነገ አልሮጥም» አለ። ልጅቷ ቅንጬውን ደግማ፣ ንፍሮውን ዘግና፣ ውኃዋን ጠጥታ በጊዜ ተኛች።

አርብ ሜዳው ከጠዋቱ ጀምሮ ሞላ። ሩጫው ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሏል። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የክብር እንግዳው የሉም። አራት ሰዓት ሆነ፤ መንገድ ላይ ናቸው ተባለ። ፀሐይዋ ከረረች። ቢቸና ላይ ያየሁት ሁሉ እንደ ገና ዓይኔ ፊት መጣ፤ ያው ጥበቃ፣ ያው ፀሐይ፣ ያችው ልጅ። አባትየው ከገመዱ ዳር ቆመው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

የስፖርት መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ኪሴ ውስጥ ስኳር አለ። አንድ ማንኪያ ትላስ፤ ስኳር እኮ አገዳ ነው፣ ቅጠል ነው» አለኝ። አባትየው ሰሙ።

«ቅጠልም ቢሆን ከቅዳሴ በፊት ቅጠል የሚበላው ፍየል ነው» አሉት።

ልጅቷን ግን መጠየቄ አልቀረም። «ራበሽ? ራስሽን አዞረሽ?»

«ኧረ ቲቸር» አለችኝ፣ «የትናንቱ ቅንጬ ገና አልወረደልኝም።»

አምስት ሰዓት ሲቃረብ ተለቀቁ። መጀመሪያ ላይ አራተኛ ነበረች። ልሮጥላት ምንም አልቀረኝም። ከፊት ያሉት እንደ ሚዳቋ ሲፈናጠሩ እሷ ግን ወጥ በሆነ እርምጃ ትሄዳለች፤ ትከሻዋ አይነቃነቅም። ሩጫው ሲጋመስ አንዷን አለፈች። ቀጥሎ ደግሞ ሌላዋን፣ ጉንጯ በከረሜላ አብጦ የተነሣችውን፣ አለፈች። ከፊቷ የቀረችው አንዲት የሞጣ ልጅ ብቻ ናት። ከኋላዬ የሚጮኹት የሰፈሬ ልጆች፣ «አንቺ የሞጣ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ለማን ነው የምትጮኺው?» እያሉ ይነቁሩኛል። እኔ ግን ጩኸቴን አላቆምኩም።

የመጨረሻው ዙር ደወል ተመታ። ይሄኔ አባትየው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ንገሪኝ» አሉኝ።

«እየደረሰች ነው አባቴ።»

«ቆማለች?»

«እየሮጠች ነው።»

«አለፈችው?»

«አለፈችው።»

ጋቢውን ገለጥ አደረጉ። ልጅቷ መታጠፊያውን ጨርሳ በቀጥታው መስመር ላይ እየፈጠነች ነበር። ሞጣዋ ቀድማ ገባች፤ የእኛ ልጅ ከኋላዋ ተከትላ ሁለተኛ ሆነች። ለደብረ ማርቆሱ የዞን ውድድር ሁለቱም ያልፋሉ። ከመስመሩ በኋላ ጥቂት ተራመደችና አባቷ ፊት መጥታ ቆመች። እሳቸው ግን ስንተኛ እንደ ወጣች አልጠየቋትም። እግሯን እያዩ፣ «ቆመሻል» አሉ፤ ጋቢያቸውንም አለበሷት።

እኔ ደግሞ ሮጬ አንደኛዋን ያዝኳት፤ ሳይንስ ነውና መጠየቅ አለብኝ። «ምን በልተሽ ነው የሮጥሽው?»

«ማታ የገብስ ገንፎ» አለችኝ እየተንጠራራች። ደስታዬ ሳያልቅ አፏን በእጇ ይዛ፣ «ጠዋት ደግሞ አርብ መሆኑን ረስቼ ከረሜላ» ብላ ሳቀች።

የስፖርት መምህሩ ከኋላዬ ነበር። «ሰማሽ? ጭድና ወይራ!» አለ። ያን ዕለት እስኪመሽ ይህን ቃል ደጋግሞ አሰማኝ።

ቅዳሴ እንደ ወጣ እናቴ ቤት ተሰበሰብን። ልጅቷ አሁን በእርግጥ ተርባለች፤ ፊቷ ገርጥቷል፤ ጎተራው ተጠርጓል። እናቴ ትናንት የከለከልኳትን ማር በውኃ በጥብጣ፣ ብርዝ አድርጋ በብርጭቆ አመጣች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

«ዛሬስ ይፈቀዳል?»

«ዛሬ ሰዓቱ ነው እማዬ። ጎተራው ባዶ ሲሆን ፈጥኖ የሚደርሰው እሱ ነው። ዳቦው ይከተለው።»

ልጅቷ ብርዙን ጠጥታ ሳትጨርስ ፊቷ ተመለሰ። አባትየው ይህንንም በጥሞና አዩ። ዳቦ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አደረጉና እንደዚያን ቀን ሳይቸኩሉ ማኘክ ጀመሩ። ሩጫው ይቀጥል ወይስ ይቅር ብሎ ማንም ደፍሮ አልጠየቃቸውም። ዳቦውን ሲውጡ ወደ እኔ ዞሩ።

«የማርቆሱ ውድድር በየትኛው ቀን ነው?»

«ገና አልተነገረም አባቴ።»

«አርብም ቢሆን፣ ቅዳሜም ቢሆን» አሉ፣ «የማታውን ንፍሮ ከቤት ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ። ስንዴው የራሴ ነው።»

ልጅቷ ብርጭቆዋን እንደ ያዘች አቀርቅራ ሳቀች፤ ከቤታቸው ጀርባ እንደ ሳቀችው።

እናንተም ሞክሩት። ዛሬ ማታ ከዳቦው ትንሽ ቁረሱና ሳትውጡ አኝኩ፤ አትቸኩሉ፣ ጣፋጭነቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ከዚያ ነገ ረጅም መንገድ ወይም ከባድ ሥራ የሚጠብቀው ቤተሰብ ካላችሁ፣ እሱም አብሮ ያኝክ። ሲጣፍጠው እራቱን አቅርቡለት።