ሚራን ውሃ ውስጥ ትቻት የጠፋሁ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች ተጣሉ። በፍቅር ነገር መስሎኝ ነበር፤ ጆሮ ስሰጥ ግን ጠቡ ስለ ዘንዶ ነው። አንደኛዋ ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የምትለቀው ታሪክ አላት፤ ጓደኛዋ ደግሞ «ዘንዶውን ከገደልሽው ከቻናሉ እወጣለሁ» ትላታለች። ሞጆን እስክናልፍ ሲጨቃጨቁ እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ ብቻዬን ሳቅሁ።

በእነሱ ዕድሜ አዳማ ኮሌጅ እማር ነበር። ፌስቡክ ያኔ ለእኛ ገና አዲስ ነበር። አስማተኞችና ክንፍ ያላቸው ፈረሶች የሞሉበት አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም ለክፎን ነበር፤ ሲያልቅብን የምንይዘውን የምንጨብጠውን አጣን። ጓደኛዬ ሐዊ «ለምን እኛ አንቀጥለውም?» አለችና ፌስቡክ ላይ ቡድን ከፈተች። ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት እየተዋስን የየራሳችንን ታሪክ በአማርኛ መጻፍ ጀመርን። አንዱ ምዕራፍ ሲወጣ አንባቢው ከሥር ይሰፍራል፤ ያደንቃል፣ ይቆጣል፣ ይለምናል።

እኔ የመረጥኳት ፊልሙ ውስጥ ብልጭ ብላ የምትጠፋውን፣ ስም እንኳ ያልወጣላትን የንግሥቲቱን ውሃ ቀጂ ነበር። ሚራ አልኳት። ከቤተ መንግሥት አስመልጬ ክንፉ የተሰበረ ፈረስ ሰጠኋት። ሌላ አገር አይቼ ስለማላውቅ የሸሸችበት ምድር ግራር የበዛበት ሆነ፤ ሐይቁም እንደ ላንጋኖ ወተት የገባበት ሻይ መሰለ። ይህን የተቃወመ ሰው አልነበረም።

ከአንባቢዎቼ ሁሉ የማልረሳው «የመንገድ ሰው» በሚል ስም የሚጽፈውን ነው። ሌላው «ዋው» ብሎ ሲያልፍ እሱ ይጠይቃል። «ይህች ልጅ ከሸሸች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ኧረ አብያት!» ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ «ቁስለኛ ፈረስ በዚህ ሐሩር አይጋለብም፤ ጥላ ፈልጊለት።» እየተናደድኩ አርማለሁ። «አንተ ደግሞ ምን አገባህ» ብዬ የመለስኩለትም ጊዜ አለ። ሚራ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላ ዓሣ ጠብሳ የበላችበት ምዕራፍ ግን ከሁሉም በላይ ተወደደ።

ታሪኩ ሲጋመስ፣ አሳዳጆቿ ሲደርሱባት ሚራን ከነፈረሷ ሐይቁ ውስጥ አስገባኋት። በማግስቱ አንድ ሌላ ጸሐፊ «የሰው ገጸ ባሕርይ ወስዶ መጻፍ ደራሲነት ሳይሆን የተከራዩትን ቤት ቀለም መቀባት ነው» ብሎ ለጠፈ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ግን ብዕር ባነሳ ቃል እንቢ አለኝ። ሐዊ ብትለምነኝም ብትቆጣኝም አልመለስ አልኩ። ሚራ ውሃ ውስጥ ቀረች።

በግንቦት ሙቀት፣ አቧራ ያዘለው ነፋስ በየመንገዱ ሲሽከረከር፣ ሐዊ «ስፕሪስ ልጋብዝሽ» ብላ ወደ አንድ ጁስ ቤት ወሰደችኝ። ስንገባ ጠረጴዛዎቹ ተገጣጥመው ሰው ከቧቸዋል። አንባቢዎቻችን ነበሩ፤ እሷው ናት የጠራቻቸው። ከመካከላቸው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ፣ የዝዋይ ፓፓያ በፌስታል የያዙ ግዙፍ ሰው ተነሡ።

«የመንገድ ሰው እኔ ነኝ፤ ከማል እባላለሁ። ከሞጆ በከባድ መኪና ጭነት አመላልሳለሁ።»

ክው አልኩ። እኩያዬ መስለውኝ «አንተ» ስላቸው ነው የኖርኩት። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላወቅኩም...»

«እሱን ተይው ልጄ። ልጅቷን ከውሃው አውጫት።»

ከተቀመጥን በኋላ ነገሩን አወጉን። ሴት ልጃቸው ኢክራም እናቷ ከሞተች ወዲህ ሻሸመኔ አያቷ ዘንድ ነው የምትኖረው። ሲደውሉላት «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አትተነፍስም። አንድ ቀን የጭነት ተራ ሲጠብቁ የሚራን ታሪክ በስልክ ቢያነቡላት «ከዚያስ?» አለች። ቡድኑ ላይ ይጽፉልኝ የነበሩት ጥያቄዎችም የእሷ ነበሩ።

«አንቺ ስታቆሚ እኔው ፈጠርኩላት» አሉ። «ሚራ ወጣች፣ ንግሥቲቱም ማረቻት፣ በደስታ ኖሩ አልኳት።»

«ምን አለች?» አለች ሐዊ።

«‹አባዬ፣ ይሄ የሚራ አይደለም› አለችኝ። ይኸው ዳግም ‹ደህና ነኝ› ብቻ ሆነናል።»

ከአንባቢዎቹ አንዷ «ዓሣ ትሁን!» አለች። ሌላው «አይሆንም፣ ፈረሱስ?» ብሎ ተነሣባት። ጁሱ ሞቀ፣ ሳምቡሳው ቀዘቀዘ፤ ክርክሩ ጦፈ። ጋሽ ከማል ደወሉና ስልኩን ላውድ ላይ አደረጉት። «ኢክራም፣ ጸሐፊዋ እዚህ ናት።»

ከስልኩ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ «ፈረሱ መዋኘት ይችላል?»

«አላሰብኩበትም» አልኩ።

«ይችላል። የተሰበረው ክንፉ ነው፤ እግሩ ደህና ነው እኮ! ጀርባው ላይ ትያዝና ማዶ ትውጣ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እሷ ግን አላበቃችም፤ ማዶ ማን እንዳለ፣ ሚራ ምን እንደምትለብስ፣ ፈረሱ ማን እንደሚባል ነገረችን። አባቷ ፊታቸውን በፎጣ እየጠረጉ «አይ የአዳማ ሙቀት» አሉ።

ምዕራፉን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩት። ታሪኩንም ከፍጻሜ አደረስኩት። ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ከማል ሞጆ ሁለት ክፍል ተከራይተው እህታቸውን አስመጡና ኢክራምን ወሰዷት፤ «ስታወራ ጆሮዬን በላችው» ብለው ጻፉልኝ። ቡድኑ ከጊዜ በኋላ ተበተነ። እኔም ስመ ጥር ደራሲ አልሆንኩም፤ ሁለት ትንንሽ መጻሕፍት አሉኝ፣ ያነበቧቸውም ጥቂት ናቸው። ቢሆንም አንድ ገጽ በጨረስኩ ቁጥር የሆነ ቦታ የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ ይሰማኛል፤ ይህ ስሜት ከዚያ ጁስ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ተለይቶኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ዕለት አውቶቡሱ አዳማ ሲደርስ የዘንዶዋን ጸሐፊ የቻናሏን ስም ጠየቅኳት። አፈረች።

«ገና አላለቀም እኮ» አለችኝ።

«ለዚያ ነው የፈለግሁት» አልኳት።