የመርከቧ ወንበር ላይ የወሰደኝ እንቅልፍ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሁዳዴ እኩሌታ ላይ ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ የሞተ የለም፣ የቆሰለም የለም። ግን እግሬ አልራመድ ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛልና ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

የምኖረው ሚኒያፖሊስ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ፎቆች በአንዱ ነው። ሥራዬ ሰው መንከባከብ ነው። ያኔ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ሌሊቱን አንድ ግሩፕ ሆም፣ ተንከባካቢ የሚሹ ሰዎች በጋራ የሚኖሩበት ቤት፣ አድርና፣ ጠዋት ባቡር ይዤ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወርጄ፣ ሴንት ፖል አንድ ሽማግሌ ቤት እገባለሁ። መቼ ነው የምትተኚው ለሚለኝ ሁሉ መልሴ "ስሞት" ነበር። እያደር ቀልድነቱ ቀርቶ ነበር።

ሽማግሌው ዘጠናን ያለፉ ናቸው። አባባ ዋልተር እላቸዋለሁ። አባባ ማለት ምን እንደሆነ ከነገርኳቸው ወዲህ፣ በባዶው ዋልተር ብላቸው ጆሯቸውን ያማቸዋል። ሚስታቸው ሞተዋል። ሱዛን የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኤደን ፕሬሪ ቢሮ ነው የምትሠራው። በዚያ የበረዶ ወራት ሁለቴ ወድቀው ስለነበር ሱዛን ቁርጡን ነግራናለች። ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከር ሳይዙ ሲራመዱ ካየቻቸው፣ ቤቱ ይሸጣል፣ እሳቸውም ነርሲንግ ሆም፣ የአዛውንት መጦሪያ፣ ይገባሉ። የእኔ ሥራ እንዳይነሱ መጠበቅ ነው። እሳቸው ደግሞ ሞትን ሳይሆን ነርሲንግ ሆምን ነው የሚፈሩት።

ሳሎናቸው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ ረጅም የእንጨት ወንበር አለ፤ እግር ተዘርግቶ ጋደም የሚባልበት ዓይነት። የመርከብ ወንበር ነው። አባታቸው በድሮ ጊዜ፣ አውሮፕላን ሰው ጭኖ ውቅያኖስ ማቋረጥ ሳይጀምር፣ ከእንግሊዝ ኒውዮርክ ከሚመላለሱት ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች በአንዷ አስተናጋጅ ነበሩ። መርከቧ በፍጥነት ከሌሎቹ ጋር ትሽቀዳደም ነበር አሉ። ውስጧ ደግሞ የመዋኛ ገንዳው፣ የዳንስ አዳራሹ፣ የቤተ መንግሥት የሚመስለው ደረጃ፣ ሲያወሩት አያልቅም። ሀብታሞቹ በመርከቧ ሰገነት ላይ በተደረደሩት ወንበሮች ይጋደማሉ። የአባባ ዋልተር አባት ብርድ ልብስ ያለብሷቸዋል፣ ረፋድ ላይ ትኩስ የሥጋ መረቅ በስኒ ያድሏቸዋል። መርከቧ አርጅታ ልትፈርስ ስትል ዕቃዋ ተሸጠ፤ ሰውየውም አንድ ወንበር ገዝተው ይዘው ወደዚህ አገር መጡ።

"ታዲያ አባቴ አንድ ቀን እንኳ ተመችቶት ሳይተኛበት ሞተ" አሉኝ አባባ ዋልተር። አባትየው ገና ጋደም ከማለታቸው የሆነ ሰው የጠራቸው እየመሰላቸው ብድግ ይሉ ነበር። ይህን ሲያወሩኝ ሳቅሁ። ግን እኔስ ያው አይደለሁ? ሰው ቤት ተጋብዤ እንኳ ሳህን ሳነሳ ነው የምገኘው።

ያን ቀን ጠዋት ስገባ ፊቴን አዩና "እዚያ ወንበር ላይ ተኚ" አሉኝ። ወይ ጉድ! ሥራ ላይ ሆኜ፣ ያውም በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ፊት እግሬን ዘርግቼ? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ እኮ። አይሆንም አልኳቸው። እንግዲያው ቁርስ አልበላም አሉ። መድኃኒታቸውንም አልውጥም አሉ። ሽማግሌ ካኮረፈ ከሕፃን ይብሳል። በእኛ ቢሆን "በሞቴ" እንዳሉኝ ነው። እሺ፣ መድኃኒቱን እስኪውጡ ብዬ ጫፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ወደ ኋላ ደገፍ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ ፀሐይ ክፍሉን ሞልታዋለች። ብርድ ልብስ ለብሻለሁ፤ ጫፉ እግሬ ሥር ታጥፎ ገብቷል፣ እንደ ሕፃን ተጠቅልያለሁ። ቀና ብዬ ባይ የአባባ ዋልተር መቀመጫ ባዶ ነው። ዎከሩ አጠገቡ ቆሟል።

ልጮህ ስል ከኩሽና ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘዋል፣ በሌላው ስኒ ከነሳህኑ። ስኒው ይንቀጫቀጫል፣ ጀርባቸው ግን እንደ ወታደር ቀጥ ብሏል። ሄጄ ልይዛቸው ፈልጌ፣ ብድግ ስል ደንግጠው ቢወድቁስ ብዬ ፈራሁ። በልቤ እመቤቴን እየለመንኩ ጠበቅኋቸው። ደረሱ፣ ጎንበስ አሉና ስኒውን ሰጡኝ። የበሬ ሥጋ መረቅ ነው፣ ያ ከሱቅ ተገዝቶ በፈላ ውኃ የሚበጠበጠው።

በሁዳዴ! ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። ስኒውን አየሁት፣ ፊታቸውን አየሁት። እንደዚያ ሲበራ አይቼው የማላውቀውን ፊት "ጾመኛ ነኝ" ብዬ ላጠፋው አልቻልኩም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ጠጣሁት።

ሱዛን በሩን ከፍታ የገባችው ያኔ ነው። ስብሰባዋ ተሰርዞ ኖሯል። እንግዲህ አስቡት፤ አባቷ ያለ ዎከር ቆመዋል፣ ጠባቂያቸው ተጋድማ መረቅ ትጠጣለች። ልነሳ ብል ብርድ ልብሱ እግሬን ጠፍሮታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?" አለች።

ዞር ብለው አይተዋት፣ "ሥራ ላይ ነኝ" አሏት።

ሱዛን ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸውና ኩሽና ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ተኝቼ እንደነበር ራሴ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም።

ሰንበት ብላ ስልክ ደወለችልኝ። ስለ መተኛቴ እኔን ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ምንም አልተናገረችም። አባቷም ቤታቸው እንደሚቆዩ ነገረችኝ። ተመስገን አልኩ። ግን ከእንግዲህ የሚመጣላቸው ሌላ ሰው ነው አለች። ለምን አልኳት።

"እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም" አለችኝ። "ግን አንቺን ደክመሽ ባየ ቁጥር ይነሳል። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ደክመሻል።"

እውነቷን ነው።

የመረቁን ነገር ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። ጥቂት ስግደት ሰጡኝና፣ ቆይተው "ለመሆኑ ይጣፍጥ ነበር?" ብለው ሳቁ። አይጣፍጥም ነበር፣ ጨው ብቻ ነው።

አባባ ዋልተር እስከ ዛሬ ቤታቸው ናቸው። አሁን የሚጠብቃቸው ጎረምሳ ነው አሉ፣ ድካም የማያውቅ። እሳቸውም ቁጭ ብለው ይውላሉ፣ አይወድቁም። ደስ ይለኛል፤ ደግሞ ይከፋኛል። ሰንፈሻል ተብላ የተባረረች አውቃለሁ፣ ደክመሻል ተብላ የተሰናበተች ግን ከእኔ ሌላ አላውቅም።

እኔ ሌላ ሺፍት ይዤ ያንኑ ሥራ እየሠራሁ ነው። የስንቱን ሽማግሌና በሽተኛ ብርድ ልብስ አስተካክያለሁ። ከእናቴ ወዲህ እኔን ተኝቼ ሳለሁ ያለበሱኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። እንደዚያ ቀን ያለ እንቅልፍም እስካሁን አላገኘሁም።