ለማይታዩ በጎች የተደረገ ዱዓ

የኮምቦልቻ አትክልት ሻጮች በግ አድላቢ እመስላቸው ነበር። የጥቅል ጎመን ላይኛ ቅጠልና የላሸቀ ካሮት በማዳበሪያ ከረጢት ስሰበስብ፣ "ስንት በግ አለህ?" ይሉኛል። "በጎቼ አይታዩም" ብዬ መለስኩ አንድ ቀን። ከዚያ ወዲያ እያዘኑልኝ አብዝተው ይሰጡኝ ጀመር።

በጎቼ ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ ባቄላ ሥር ላይ ተጠግተው ናይትሮጅን ከአየር እየወሰዱ ተክሉን የሚመግቡ። ትርፍራፊውን ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ባክቴሪያ እንደ እርሾ እጥልበታለሁ፤ የሚራቡት እንደ ኮምቦልቻ ባለ ሙቀት ነው። ቤቴ ግን ደሴ ነው። ብርዱ እንዳይጎዳቸው ያሉበትን ጀሪካን በጋቢዬ ጠቅልዬ እኔ ስንቀጠቀጥ አድራለሁ። ሚስቴ፣ "እኔን እንኳ እንዲህ ሸፍነኸኝ አታውቅም" አለችኝ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአባቷ ነበር። አማቴ ኩታበር የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ስሄድ ወንበር ይስቡልኛል፣ ማር ያስቀርቡልኛል፤ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ ግን ሁልጊዜ "የልጄ ባል" ነኝ። አንድ ቀን "ልጄ" እንዲሉኝ እንደ ሕፃን እመኝ ነበር። የባቄላ ዘራቸውን በሕያው ማዳበሪያዬ እንዳሽ ሲፈቅዱልኝ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

በመዝሪያው ዕለት ጠዋት ባቄላውን ጓዳ ውስጥ አሸሁት። የታሸ ዘር ፀሐይ ሳይነካው አፈር መግባት አለበት። ይህን ለሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ አስተምሬያለሁ፤ ለአማቴ ብቻ መንገር ረሳሁ።

እሳቸው ቤት ደግሞ ዘር ያለ ዱዓ አይወጣም። ጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ባቄላው ግቢው መሐል ጆንያ ላይ ተሰጣ። ሰኔ ሆኖ ሳለ ፀሐይዋ ፍጥጥ አለች። ለዝናቡ ተለመነ፣ ለከብቱ፣ ለአራሷ፣ ለአገሩ። እኔ መዳፌን ዘርግቼ "አሚን" እላለሁ፤ በየአሚኑ በጎቼ እየተጠበሱ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ባክቴሪያ ግን ይሞታል። ለመንገደኛ መለመን ሲጀመር አልቻልኩም፤ ጋቢዬን ገፍፌ ባቄላው ላይ ጣልኩና ተደፋሁበት።

ዱዓው ቆመ።

"ምን ነካህ?" አሉኝ አማቴ።

"ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ፀሐይ ይገላቸዋል።"

"ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልክ?"

"ዱዓውን ማቋረጥ ፈርቼ።"

ሽማግሌዎቹን ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ወላሂ፣ ዱዓ ጥላ ሥር አይሰማም ያለህ ማነው?"

ጆንያውን ራሳቸው ይዘው ከግቢው ወይራ ጥላ ሥር አስገቡት። ጀሪካኑ ውስጥ የተረፈኝን አፍስሼ እንደገና አሸሁ። ዱዓውም ከመጀመሪያው እንደገና ተጀመረ፤ ዝናቡ፣ ከብቱ፣ አራሷ፣ አገሩ። መጨረሻ ላይ አማቴ፣ "ያ ረቢ፣ ልጄ ያመጣቸውን የማይታዩ በጎችም አብዛቸው" አሉ። የበጎቹን ነገር ሚስቴ ነግራቸው ኖሯል።

ከሁሉም ጮክ ብዬ "አሚን!" አልኩ። እንባዬ ሲመጣ በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁት፤ ጎመን ጎመን ይሸታል።