የአራቱ ቁልፎች ነገር

የልጅ ልጄ በአንድ እጇ ተጫውታ እያሸነፈች «አጭበርብራለች» ተብላ ከውድድር ተሰርዛ ነበር። ይህ በደል ነው። ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።

ግራ እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዝላትም። መናኸሪያ አጠገብ ያለው ጌም ቤት የኮምፒውተር ኳስ ውድድር ሲያዘጋጅ ተመዘገበች። እንዴት እንደምትጫወት የጠየቃት የለም፤ ትሸነፋለች ብለው ነዋ። እሷ ግን ስንት ወር ቁጭ ብላ ጆይስቲኩን ለአንድ እጅ አመቻችታዋለች። አውራ ጣቷ ሥር አራት ቁልፎች አሉ። በጠቋሚ ጣቷ ከላይ ያለችውን ቁልፍ ይዛ ስትቆይ አራቱም ሌላ ሥራ ይሠራሉ፤ ስትለቃት ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ። በአራት ቁልፍ የስምንቱን ትሠራለች ማለት ነው። ጣቷ ሲዝልባት በቅቤ ያሸሁላት እኔ ነኝ።

ሦስት ወንዶችን አከታትላ አሸነፈች። ቅዳሜ ለፍጻሜ ልትቀርብ፣ ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «የቁልፍ ሥራ የቀየረ ተጫዋች ተሰርዟል።»

ቤት ገብታ ጆይስቲኩን አልጋ ሥር ወረወረችው። «ተዪው እማዬ፣ በቃኝ» አለችኝ።

እኔ ግን አልበቃኝም። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

የጌም ቤቱ ባለቤት እዚያው ጥግ ላይ ለሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር ይጽፋል። «ይቀመጡ እማማ» አለኝ።

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። የበሩን ወረቀት ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

ከተሸነፉት አንዱ ከኋላ «እማማም ሊመዘገቡ ነው» ብሎ ማመልከቻ ሊያጽፉ የመጡትን አሳቃቸው።

«አንተን ለማሸነፍ እኔ አላስፈልግም፤ አንድ እጅ በቅቶሃል» አልኩት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል ግን ቆጥሬያለሁ። «የፊደል ገበታው ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አለ። ያንተ ቁልፎች ግን ጥቂት ናቸው። እስቲ ‹ሉ›ን ጻፍልኝ» አልኩት ባለቤቱን።

አንዱን ቁልፍ ሲነካ ‹ል› መጣ፤ ሌላውን ሲያስከትል ‹ሉ› ሆነ።

«ሁለተኛው ቁልፍ ብቻውን ምን ይጽፋል?»

«‹ኡ›ን።»

«ስለዚህ ሥራው ተቀየረ። አንተ ስትጽፍ ሙያ፣ እሷ ስትጫወት ማጭበርበር?»

«እማማ፣ ውድድር ላይ ሁሉም እኩል መሆን አለበት።»

«ሁለት እጅ ይዘው ከአንድ እጅ ፊት ሲቀመጡ እኩል ነበሩ? ደንቡስ ስትመዘገብ የት ነበር?»

ማመልከቻ ሊያጽፉ የመጡት ሁሉ ያዩታል። ተነሥቶ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጠው።

«አልነበረም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደንቡን የጻፍኩት ካሸነፈች በኋላ ነው። ልጆቹ በሴት፣ ያውም በአንድ እጅ ተሸነፍን ብለው እንዳይቀሩብኝ ፈርቼ ነው። ነገ ትምጣ፣ እንደለመደችው ትጫወት።»