የዘይነባ አውራ ጣት

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ ሳልናገር ሦስት ሑዳዴ ጾሜያለሁ። ሦስት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰው አምቻለሁ፣ ጾም ገድፌያለሁ ብያለሁ። እሳቸውም እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው አሰናብተውኛል። ይሄኛው ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም። ልጆቼም አያውቁትም። አሁን ለማላውቃችሁ ለእናንተ የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

የምኖረው ከመካነ ሰላም በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ደሴ ነው። በእኔ ዕድሜ ካሉት የቀበሌያችን ሴቶች ያን ያህል የተማረች ሌላ የለችም፤ ስለዚህ ወረቀት የተባለ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የመጣ ደብዳቤ አነባለሁ። ጅዳ ያለችው ልጄ በሰው በሰው መድኃኒት ትልክልኝ ነበርና ራሱን ያመመው፣ ወገቡን የቆረጠው ጎረቤት በሬን ያንኳኳል። እሰጣለሁ። ከምሰጠው ግማሹ ምን እንደሆነ በትክክል አላውቅም ነበር። ይህንንም አብሬ ልናገር።

ጤና ጣቢያችን ሐኪም ኖሮት አያውቅም። የሚያክሙት ነርሶች ናቸው። ያን ጊዜ ዋናዋ ሲስተር ገነት ነበረች፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ልጅ። ሰው ስታክም ጠረጴዛዋ ላይ ትልቅ መጽሐፍ ትዘረጋለች። ገጹ በቀለም የተከፋፈለ ነው፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚወስድ ቀስት አለው። በሽተኛው ያመመውን ሲነግራት ጣቷን በቀስቱ ላይ እያስኬደች ትጠይቃለች። ስንት ቀን ሆነዎት? ሲተኙ ያልብዎታል? ከስተዋል? ከዚያ ትጽፋለች። ብዙውን ጊዜ መርፌ አትወጋም፣ ጉሉኮስ አትሰቅልም። እኛ ደግሞ ታከምን የምንለው ስንወጋ ነበር። ሰው ከእሷ ዘንድ ሲወጣ አጥሩ ሥር ቆሞ ይጠራጠራል።

«ሐኪም መጽሐፍ እያየ ያክማል እንዴ?»

«በእኛ ላይ እያጠናች ነው፤ ፈተና ደርሶባት ይሆናል» ይላል ሰይድ። ሰይድ ከቤቴ በላይ የሚኖር፣ ሳያሾፍ የማይውል ሽማግሌ ነው።

«ቤቴ ስንት ሰው እንደሚያድር ጠየቀችኝ። የኔ ሳል ከዚያ ጋር ምን አገናኘው? ያን ሁሉ የምትጽፈውስ ለማን ነው?»

ኮከብ ቆጣሪ መጽሐፍ ገልጦ ሲያነብልን እጃችንን አጣምረን የምንሰማ ሰዎች የነርሷን መጽሐፍ ጠረጠርን። ወደ እኔም ዞረው ይጠይቁኛል፤ የተማርኩ ነኝና። እኔ መጽሐፉን አይቼዋለሁ። ነርስ እንዳትሳሳት፣ የሚጠየቀው ሳይጠየቅ እንዳይቀር የተዘጋጀ መመሪያ ነው፤ ሽፋኑን ላነበበ ሰው ግልጽ ነው። በሁለት ቃል ላስረዳቸው እችል ነበር። «እንጃ» እላቸው ነበር። ከተማረ ሰው አፍ የወጣ እንጃ ከስድብ የከፋ እንደሆነ እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ለምን አልኩት? ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፤ ሰበብ አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩልኝ። አንድ ቀን ጉልበቴን አሞኝ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ሰው ሞልቷል። የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀችኝና ከጅዳ የመጣውን በፌስታል እንዳለ ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ለሁለት ከፈለችው።

«እማማ፣ ይሄን ለሰው አይስጡ» አለችኝ። «ለእትዬ ዘይነባ የሰጧቸው ይሄን ነው አይደል? ግፊታቸውን ያብስባቸዋል። ለራስዎም ቢቀርብዎት ይሻላል።»

የተናገረችው በትሕትና ነው። አግዳሚው ላይ ያሉት ግን ሰሙ። ስወጣ ሰይድ «እንግዲህ የእትዬ ፋርማሲ ታሸገ» አለ። ሰው ሳቀ። ዘይነባም ሳቀች። አፏን በሻሿ ሸፍና ነበር፤ አየኋት።

ዘይነባ ጎረቤቴ ናት። ቤታችንን የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። የእኔ ፋሲካ የእሷ ነበር፤ የእሷ አረፋ የእኔ። ደም ግፊት ነበረባት። ሲስተር ገነት በቀን አንድ የሚዋጥ ክኒን ሰጥታ በየወሩ እየለካች ትከታተላት ነበር። ማለቂያ የሌለው መድኃኒት ለእኛ እንግዳ ነገር ነው። ካዳነ ለምን አያልቅም፣ ካላዳነስ ለምን ይዋጣል እያሉ ሰዎች ያስፈራሯት ነበር። እሷ ግን «ወላሂ ራሴ ቀለለኝ» ትላለች፤ ትውጣለች።

በዚያው ዓመት ሰው ተሰብስቦ ለወረዳ ማመልከቻ ይጻፍ ተባለ። የተባለውን በደንብ አስታውሳለሁ፤ ሐኪም ይጨመርልን ነው የተባለው። አንዳንዶቹ ነርሷም ትቀየር ሲሉ ዘይነባ ተነሥታ ተናገረች። በስብሰባ ላይ ስትናገር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኧረ በአላህ እሷን አትንኩብን። ዶክተሩም ይምጣ፣ እሷም ትቆይልን። የኔን ነገር የምታውቀው እሷ ናት።»

ሰዉም ተስማማ። ጻፊው ተባልኩ።

ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። ሐኪም ይመደብልን አልኩ። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሲስተሯ ሥራዋን ከመጽሐፍ እየተማረችብን ስለሆነ፣ በሕመምተኛም ላይ ስለምትሳለቅ፣ ኅብረተሰቡ እምነት አጥቶባታልና ትነሳልን።» በሕመምተኛ ተሳልቃ አታውቅም። የሳቅነው እኛ ነን።

በማግስቱ ቀበሌው ግቢ ቆሜ አነበብኩላቸው። ከሥሩ የጻፍኩት ክስ ጋ ስደርስ፣ ዓይኔ ትነሳልን የሚለው ቃል ላይ እንዳለ፣ ክሱን ሁሉ ዘልዬ «ሲስተሯም በሥራዋ ትቀጥልልን» ብዬ አነበብኩ። ድምፄ አልተለወጠም። ማንበብ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ፤ እኔ ካነበብኩ በኋላ ግን ማን መልሶ ያነባል? ፈርመው አለፉ። ሌላው በጣቱ ፈረመ።

የዘይነባ አውራ ጣት በሥራ ብዛት ተሰነጣጥቆ ቀለሙን አልይዝ አለ። ሁለት ጊዜ ሞከረች።

«እስቲ አንቺ አርጊልኝ እትዬ» አለችኝ።

ጣቷን ያዝኩ። ቀለሙ ላይ አሸሁት፣ ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። የጫንኩት እኔ ነኝ። ትቆይልን ያለችውን ሴት ጣት ትነሳልን ከሚል ቃል ሥር የጫንኩት እኔ ነኝ። አመሰገነችኝ።

ሲስተር ገነት ወደ ወግዲ በኩል ተዛወረች። ሐኪምም አልመጣም። ሐኪም ይጨመር ማለታችን ከፍቷት ነው አለ ሰዉ፤ እኔም እንዲያ እንዲሉ ተውኳቸው። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ግን ለብቻዬ አግኝቶኝ አንድ ነገር ነገረኝ። ማመልከቻውን ወረዳ አሳይተዋት ስትመለስ «እትዬ ዘይነባም ፈረሙብኝ?» ብላ ጠይቃው ነበር። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም አለኝ። ሲነግረኝ ለምን እንዲያ ትኩር ብሎ እንዳየኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልትሄድ ሰሞን ሲስተር ገነትና ዘይነባ መንገድ ላይ ተገናኙ። ዘይነባ ልትስማት ስትጠጋ ነርሷ ፊቷን አዞረች። ዘይነባ ከዚያው በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

«ሲስተር ፊቷን አዞረችብኝ» አለች። «ምን አውቃ ነው? ያ ክኒን አንድ ነገር ቢኖርበት ነው እንጂ ዓይኔን ማየት ለምን ያቅታታል? አንቺ የተማርሽ ነሽ እትዬ፣ ምን ይመስልሻል?»

ነርሷ ፊቷን ለምን እንዳዞረች ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጥፋቴን ደብቄም ቢሆን ክኒኑ ደኅና ነው፣ ዋጪው ማለት እችል ነበር። ያንን ማለት ምን ያስፈራል? ታዲያ ለምን ፊቷን አዞረች ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ።

«እንጃ» አልኳት።

ዘይነባ ክኒኑን ምድጃ ውስጥ ጣለችው። ከወራት በኋላ ሌላ ነርስ ተመደበች። ሂጂና ተለኪ ሲሏት «ያችም እንደዚያችው መጽሐፍ ታያለች አሉ» ብላ ቀረች። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ጧት በረት ስትጠርግ ወደቀች፤ ግራ ጎኗ ከዳት። በቃሬዛ መካነ ሰላም ወሰድናት። ያያት ሐኪም የግፊት መድኃኒት ትወስድ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ትወስድ ነበር፤ ተወችው» አልኩ።

«ማን ተዪ አላት?»

ማንም ተዪ አላላትም። ይህን መልስ ለራሴ ስንት ጊዜ ሰጥቻለሁ? ማንም ተዪ አላላትም። ዋጪው ያላትም የለም፤ ዋጪ የምትላትን ነርስ እኔ አስነሥቻታለሁና።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖረች። ምላሷ ቢከብድም የምትለው ይሰማ ነበር። መሄዷ እንደደረሰ ሲታወቃት ጎረቤቱን አንድ በአንድ እያስጠራች አፉ ተባባለች። በእኛ አገር ሰው ሊሞት ወይም ሩቅ መንገድ ሊሄድ ሲል አፉ በሉኝ ይላል፤ የተጠየቀው ይቅር ይልና በተራው አፉ በለኝ ብሎ የራሱን ይጠይቃል። ተራዬ ደረሰ።

«ያኔ ጤና ጣቢያ … ፋርማሲው ታሸገ ሲል … ስቄብሽ ነበር» አለችኝ። «አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኳት።

ቀኝ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ያቺ አውራ ጣት ያለችበት እጅ ነው።

«አንቺስ?» አለች።

«እኔ የምጠይቅሽ የለኝም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና እጇን ሰበሰበች። በሳምንቱ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ ሰው አላምንም። አሁን ያለችው ነርስ መጽሐፉን ዘርግታ ስታክመኝ ከንፈሯን አያለሁ። የተጻፈውን ነው የምትነግረኝ ወይስ ሌላ? የተጻፈውን እንደምትነግረኝ አውቃለሁ። ግን እኔ ያደረግሁትን ሌላ ሰው አያደርገውም ብዬ በምን ልመን? ጎረቤቶቼ ዛሬም ወረቀት ያመጡልኛል። ሲያምኑኝም እነሱን እጠረጥራለሁ፤ አውቀው የሚፈትኑኝ ይመስለኛል። ማንም አይፈትነኝም።

ተዋርጄ ነበር አልልም። ከአንድ ሳቅ በላይ አልደረሰብኝም። ይቅርታም ከእናንተ አልጠይቅም፤ የምጠይቅበት ሰዓት ዘይነባ እጇን ዘርግታ የጠበቀችኝ ጊዜ ነበር፤ የለኝም ብያታለሁ።

ይህን ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። አንዱ ወግዲ ለሲስተር ገነት ይሄዳል፤ ዘይነባ ትቆይልን ብላ እንደነበር ትወቅ። ሌላውን ለቀበሌያችን ሰው እሰጣለሁ። እኔ ግን አላነብላቸውም። ሌላ ሰው ያንብብላቸው፤ የተጻፈውን።