በዘፈን የምትነዳ ጀልባ

በኬንያ ባሕር ዳር፣ በእኛዋ በዋታሙ፣ ፋማው ላሊን የማያውቅ የለም፤ ስሙን በደግ የሚያነሳው ግን የለም። "ጀልባዋን ዘፍኖ ዐለት ላይ የሰቀላት" ይሉታል። ዓሣ ተራ የሚቸረችሩት ሴቶች እንኳ በፊታቸው ሲያልፍ፣ "ፋማው፣ እባክህ አትዝፈን፤ ሚዛናችን ይሰበራል" እያሉ ይሳለቁበታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ቢመልስ የሚመልሰው ነገር ነበረው፤ ግን እውነቱ ከስድቡ ይብስበታል።

ዓሣ ለማጥመድ የሚመጡት ፈረንጆች ክረምት የሚሉት ወቅት እኛ ዘንድ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ነው። አገራቸው በረዶ ሲጥል፣ ካስካዚ የምንለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ባሕራችንን ያጠራና ትልልቆቹን ዓሦች ያመጣል። ዓሦቹን ተከትለው ደግሞ እነሱ ይመጣሉ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ነጭ ቅባት ተለቅልቀው፣ ቀኑን ሙሉ ማዕበል ሲንጣቸው ይውሉና፣ ሰው የሚያህል ዓሣ ታግለው ካመጡት በኋላ ጀርባው ላይ የመለያ ምልክት ሰክተው መልሰው ይለቁታል። ይህን እብደት ነው ብሎ ጮክ ብሎ የሚናገር ዋታሙ ውስጥ አይገኝም። እንጀራችን ነዋ።

ፋማው በጣልያናዊቷ ባለ ሆቴል በሲኞራ ካርላ ጀልባ በ"ጁልየታ" ላይ የኋላ ሰው ነበር። መንጠቆ የሚያስረው፣ ዓሣው ጀልባዋ ጎን ሲደርስ ጓንቱን አጥልቆ የክሩን ጫፍ ሽቦ በእጁ የሚጠመጥመው እሱ ነው። ሽቦው ጣት ይቆርጣል፤ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ግማሿ የለችም። የጀልባዋ መሪ ግን በአማቱ በካፒቴን ኮምቦ እጅ ነበር። በዚህ ሥራ ደግሞ ያለው ስም የመሪው ብቻ ነው። እንግዳው ከአገሩ ሆኖ ሲጽፍ "ኮምቦ አለ ወይ?" ይላል እንጂ፣ ሽቦ የሚጠመጥመውን ሰው ስም የሚጠይቅ የለም። ኮምቦ ከሌለ ጀልባዋ ሳትከራይ ትውላለች።

የኮምቦ ዓይን ግን ጠፍቶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ላይ ያፈጠጠውን ዓይኑን ሞራ ጋረደው፤ ከሞራው በታች ደግሞ ሌላ የባሰ በሽታ ነበረ። የሞምባሳው ሐኪም ዘግይተሃል ብሎ አሰናበተው። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ከዚያ ያለፈ አያይም። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ራሱ፣ ልጁ ምዋናሃዋ፣ ባሏ ፋማው።

ሰፊው ባሕር ላይ ዕውር ሰውም ይነዳል፤ የሚጋጩት ነገር የለም። ችግሩ ያለው በሩ ላይ ነው። በሩ የምንለው የኮራሉ ዐለት ተከፍሎ ጀልባ የሚያሳልፍበትን ጠባብ መንገድ ነው። መሀሉ ላይ ዝሆኑ የሚባለው ቋጥኝ ተኝቷል፤ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ውኃው ሲጎድል፣ ቡናማ ጥላ ሆኖ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ፋማው በሩ ጋ ሲደርሱ ከጀልባዋ የፊት አፍንጫ ላይ ቆሞ መዝፈን ጀመረ። የአያቶቹ፣ የባጁን ጎሳ ዓሣ አጥማጆች፣ የመቅዘፊያ ዘፈን ነው። ድምፁ ከፍ ካለ ወደ ቀኝ፣ ዝቅ ካለ ወደ ግራ፣ ቀጥ ብሎ ከሄደ ቀጥታ፣ ዘፈኑ ከተቆረጠ ሞተሩን አቁም። ተስማምተው ያወጡት ቋንቋ ይህ ነበር። እንግዶቹ ነገሩን በጣም ወደዱት። የሚዘፍነው የኋላ ሰው እያሉ በስልካቸው ይቀርጹታል፤ ያጨበጭቡለታል። ሦስት ወቅት ሙሉ ጀልባዋን የሚነዳት የፋማው ጉሮሮ መሆኑን አንድ ሰው አልጠረጠረም።

ፋማውን የሚያንገበግበው ይኸው ነበር። አንድ ምሳ ላይ፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለው ሩዝ መሀላቸው ቀርቦ፣ ነገሩን አፍረጠረጠው።

"አባባ፣ እስከ መቼ ነው?" አለ። "ዓሣ ላይ የሚያንዣብቡትን ወፎች የማየው እኔ፣ ዓሣውን የማገኘው እኔ፣ በሩን የማሳልፍዎ እኔ። ሰው ግን ‘ኮምቦ አንበሳ’ ይላል።"

"ቅናት ያዘህ?" አለ ኮምቦ እየሳቀ።

"ልጅ ወልጃለሁ፣ ጸጉሬ ሸበተ። እስክሞት ሽቦ ልጠምጥም?"

ምዋናሃዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አባዬ፣ እውነቱን ነው" አለች።

ሽማግሌው የሳህኑን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ፣ "የዘንድሮው ወቅት ይለቅ" አለ። "ኮሊን ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል፣ በእሱና በካርላ ፊት ኮፍያዬን አውልቄ ‘ዓይኔ ሄዷል፤ ስትነዳችሁ የከረመችው የፋማው ዓይን ናት፣ መሪውን ለእሱ ስጡት’ እላለሁ። ልጄ ምስክሬ ናት።"

ኮሊን በየዓመቱ ጥር ላይ የሚመጣ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው፤ ካርላ የእሱን ቃል እንደ ሕግ ትሰማለች። ስለዚህ ፋማው ያን ወቅት በደስታ ሠራ። ከባሕር ሲመለስ ሚስቱን "ካፒቴኗ፣ ምሳ አለ?" እያለ ይቀልድባት ጀመር። እሷም "ካፒቴን የሆንከው አንተ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ" ትለዋለች። ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር።

የኮሊን የመጨረሻ ቀን ደረሰ። ጠዋት ከሩቅ ወፎች ውኃው ላይ ሲወረወሩ ፋማው አየ፤ በዘፈኑ ወደዚያው መራ። ብዙም ሳይቆይ ማርሊን የሚባለው ባለ ጦር አፍንጫ ዓሣ የቀኙን መንጠቆ ዋጠና ወደ ሰማይ ዘለለ። ኮሊን ወንበሩ ላይ ታስሮ ፀሐይ አናቱ ላይ እስክትቆም ታገለው። ላቡ ሲንጠፈጠፍ ፋማው ውኃ ያፈስበታል፤ ኮምቦ ከላይ፣ መሪው ካለበት ሰገነት ሆኖ፣ ክሩ ሲንጫጫ በጆሮው እየሰማ ጀልባዋን ያዞራል። ይህን ይህን እንኳ ያውቅበታል፤ መካድ አይገባም። በመጨረሻ ዓሣው ጎናቸው መጣ፤ ፋማው ሽቦውን ያዘ፣ ምልክቱን ሰካ፣ መንጠቆውን ነቀለ። ማርሊኑ ጅራቱን አንዴ መትቶ ወደ ጥልቁ ሄደ። ዓሣ ይዘው መልቀቃቸውን የሚያበስረው ባንዲራ ተሰቀለ።

ሲመለሱ ኮሊን ቢራውን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ፋማው ከመሰላሉ ሥር ክሮቹን እየጠቀለለ ነበር፤ ሁሉን ይሰማል።

"ኮምቦ" አለ ኮሊን፣ በዚያ በተሰባበረ ስዋሂሊው፣ "ካርላና እኔ አዲስ ጀልባ ልንገዛ ነው። ትልቅ። ግን እኔ የማወጣው አንተ ካፒቴን ከሆንክ ብቻ ነው። ደክሞሃል እንዴ? እውነቱን ንገረኝ።"

ፋማው ክሩን መጠቅለል አቆመ። ይኸው ሰዓቱ ደረሰ አለ በልቡ።

ኮምቦ ኮፍያውን በእጁ ነካ፤ አላወለቀውም። "እኔ?" አለና ሳቀ። "እኔ ገና ወጣት ነኝ ወዳጄ። ባሕሩ እስኪቀብረኝ አለሁልህ።"

"ፋማውስ?"

"ፋማው ይዘፍንልናላ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተሳሳቁ።

ፋማው የያዘውን ክር ወለሉ ላይ ጣለው። ያ ሁሉ ዘመን፣ የተቆረጠች ጣቱ፣ የምዋናሃዋ ሳቅ፣ አንድ ላይ ትዝ አሉት። አማቱ እንደ ልጅ አሞኘው፤ አሞኝቶም ሳቀበት። ሄዶ ከፊት አፍንጫዋ ላይ ቆመ። በሩ ቀርቧል። ባሕሩ ሸሽቷል።

ዘፈኑን ጀመረ። ኮሊን እንደ ልማዱ ስልኩን አወጣ። ጀልባዋ ወደ በሩ ገባች፤ ግራና ቀኝ አረፋው ይንጫጫል። ከዚያ ፋማው ዝሆኑን አየው፤ ቡናማ ጥላው ልክ ከፊታቸው ነበር። ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። አላደረገም። ቀጥታውን ዘፈነ። ሰው ይጎዳ ብሎ አልነበረም፤ ይህን በአላህ ፊትም ይምላል። የውኃውን መልክ አይቶ ጥልቀቱን ገመተ፤ ሆዷን ትጫራለች፣ ሽማግሌው ይደነግጣል፣ ሰው ሁሉ ዕውርነቱን ያውቃል፣ ያበቃል አለ። እንዲህ ያለውን ግምት የሚገምት በሩን እንደ ቤቱ በር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ግን ከኋላ የመጣው ማዕበል ጀልባዋን አንስቶ ገፋትና፣ ከሥሯ ውኃው ሲሸሽ ዝሆኑ ጀርባ ላይ አፈረጣት።

ድምፁ እንደ ግንድ ስብራት ነበር። የሞተሩ ዘንግ ተቆለመመ፣ ወለሉ ተሰነጠቀ። ኮሊን ከላይ ተወርውሮ በትከሻው የዓሣ መታገያው ወንበር ላይ ወደቀ፤ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ሽማግሌው ሰውዬ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ፋማው አቅፎ ይዞት ነበር። ሌላ ጀልባ መጥታ እስክትጎትታቸው ድረስ ከኮምቦ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ባሕር ዳሩ ላይ አገሩ ሁሉ ተሰብስቧል። ኮሊንን በቃሬዛ ወሰዱት። ካርላ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ሁለቱ ፊት ቆመች።

"ካፒቴን፣ እርስዎ በሕይወትዎ የበሩን ዐለት ነክተው አያውቁም" አለች። "ምን ሆነ?"

ኮምቦ ኮፍያውን አስተካከለ። "ፊት ቆሞ መንገዱን የሚጠብቀው ፋማው ነው" አለ። "እኔ የማየው እሱ የሚለኝን ነው። እሱ ይዘፍን ነበር።"

"ይዘፍን ነበር?" ካርላ ወደ ፋማው ዞረች። "እንግዳ አሳፍረህ፣ ባሕሩ ሸሽቶ፣ አንተ ትዘፍን ነበር?"

ፋማው አፉን ከፈተ። ዘፈኑ መሪው ነበር ቢል፣ ሦስት ወቅት ሙሉ ሰው እያሳፈረ በዕውር እንዳስነዳ ማመኑ ነው። ቋጥኙን አላየሁም ቢል ውሸት ነው፤ አየሁት ቢል ደግሞ እስር ቤት ነው። ወዴትም መውጫ የለውም። ከሰዉ መሀል ምዋናሃዋ የልብሷን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ታየዋለች።

"አዎ" አለ። "እዘፍን ነበር።"

በዚያው ተባረረ። ሌላም ጀልባ አልወሰደውም፤ ማን ይወስደዋል? ኮምቦ ግን "ከእንግዲህ ልቤ ባሕሩን ፈራ" ብሎ ራሱ ወረደ። ካርላ ፍየል አርዳ፣ እንግዶቿን ጠርታ ሸኘችው። አሁን ሆቴሏ በር ላይ ከዛፉ ሥር ወንበር ተሰጥቶት ይውላል፤ አዲስ መጪዎቹ እየጨበጡት ፎቶ ይነሳሉ። ካርላ ብቻዋን የገዛቻትን አዲስ ጀልባ ሸዛሊ የሚባል የማሊንዲ ሰው ይነዳታል። ፋማው የሰው መረብ ይጠግናል።

የአደጋው ቀን ማታ ምዋናሃዋ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃው ነበር። "ዝሆኑን አይተኸው ነበር?"

"አላየሁትም" አለ።

"ማልልኝ።"

ማለላት። ከዚያ ወዲህ ቀልዱም ሳቁም ጠፋ፤ ምሳ አቅርባለት ዞር ትላለች።

አማቱን ወደ መስጊድ የሚመራው ግን እሱ ነው፤ ሌላ ወንድ ቤቱ ውስጥ የለም። ሰዉ ግን ድጋፍና በትር የያዘው ከእርጅና ነው ይላል። ባለፈው ዓርብ ኮምቦ ትከሻውን ይዞ ሲሄድ ድንገት ቆመ።

"ያን ቀን ዝሆኑን አይተኸዋል" አለ።

ፋማው መራመዱን ሊቀጥል ሞከረ፤ ሽማግሌው አልተንቀሳቀሰም።

"ድምፅህ ተንቀጠቀጠ። ያን ዘፈን እኔ እንደ ራሴ ትንፋሽ ነው የማውቀው። ይሄ ልጅ ምን ነካው አልኩ። መሪውን ወደ ቀኝ ልበለው ብዬ እጄ ከጀለ።"

"ታዲያ ምን ያዘዎት?"

"በየትኛው ዓይኔ? ካንተ ድምፅ ሌላ ምን ነበረኝ?"

ሰዎች ሰላምታ እየሰጧቸው አለፉ። ኮምቦ ለሁሉም በስማቸው መለሰላቸው፤ በድምፃቸው ይለያቸዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

"ለካርላ ‘ይዘፍን ነበር’ ያልኩት ቀላሉን መርጬልህ ነው። ሌላውን ብናገር ዛሬ ልጄ ምግብ የምታመላልሰው እስር ቤት ነበር።"

"ቃልዎን ቢጠብቁ እኮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር" አለ ፋማው።

"ልክ ነህ። ፈራሁ። ከመሪው ከወረድኩ ዕውር ሽማግሌ ብቻ ነኝ ብዬ ፈራሁ። በድዬሃለሁ።" ትንሽ አሰበና፣ "አንተ ግን ሰውየውን ሰበርከው" አለ።

መስጊዱ ደጃፍ ደረሱ።

"ደረጃ አለ፣ አባባ። እግርዎን ያንሱ" አለው ፋማው።

ሽማግሌው እግሩን አላነሳም። በትሩን አስቀድሞ ዘረጋና የመጀመሪያውን ደረጃ በጫፉ ፈልጎ ነካ፤ ስፋቱንም ከፍታውንም ሞከረ። ደረጃው እዚያ መኖሩን ራሱ ካረጋገጠ በኋላ ወጣ።