ሰኞ ሰኞ የሚጠፋው አጥር

አትራክታ ጊልሁሊ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ መጀመሪያ ቆማ፣ ቀጥሎ ተቀምጣ። ከአውራጃው ጋዜጣ ለአጥቢያ ዘጋቢዎች ሁሉ የተላከ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የአጥቢያ ዜና በእጅ ተጽፎ፣ በአውቶቡስ ሹፌር ኪስ ተልኮ አይገባም ይላል። በኮምፒውተርና በሞደም፣ በስልክ መስመር ብቻ ይላካል፤ ማብቂያውም በየሳምንቱ ሰኞ እኩለ ቀን ነው። ይህን ማድረግ የማይችል ዘጋቢ ካለ አያስብ፤ የአጥቢያው ዜና በጎረቤት አጥቢያ ስም ሥር ተጠቃሎ ይወጣል።

ያበገነቻት «አያስብ» የምትለዋ ቃል ናት። የእሷ አጥቢያ የኪልቱበር ጎረቤት ባሊናሻ ነው። ባሊናሻ መጀመሪያ ትምህርት ቤታቸውን ወሰደ፤ ልጆች አነሱ ተባለና። ከዚያ ሐኪሙን ወሰደ። ከዚያ የኳስ ቡድኑን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ እያንዳንዱ ሲሄድ አንድ ጨዋ ሰው ከከተማ መጥቶ በትሕትና አስረድቷል፤ ሻዩንም ጠጥቶ ሄዷል። አሁን የቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣው ዘጠነኛ ገጽ ላይ በደማቁ የሚታተመው «ኪልቱበር»። ከሥሩ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን ከእንግሊዝ እንደተመለሰ፣ የማን ላም መንታ እንደወለደች ይጻፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፈችው አትራክታ ናት።

«እኔ በሕይወት እያለሁ አይሞከርም!» አለች ለድመቷ።

ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። አላገባችም፤ ብታገባ ኖሮ ሰውየው ያሳዝን ነበር የሚሉ አሉ። ሃያ አራት ዓመት በፖስታ ቤቱ ጓዳ፣ ከስልክ ማዞሪያው ፊት ተቀምጣ የኪልቱበርን አርባ ሁለት ስልኮች በእጇ ስትሰካና ስትነቅል ኖራለች። የመስመሩን ሕመም ከድምፁ ትለየው ነበር። ከተንሿሿ መገጣጠሚያው ውሃ ገብቶታል፤ እምም ካለ የመብራት ሽቦ ተጠግቶታል፤ ከተንቋቋ ነፋሱ ሽቦ ከሽቦ እያላተመ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያለ ሰው የሚያገናኝ ማሽን መጣና ማዞሪያው በጭነት መኪና ተወሰደ። ለእሷ የእጅ ሰዓት ሸለሟት። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

እንግዲህ በዚያ መጸው፣ በፈረንጆቹ 1995 መሆኑ ነው፣ አትራክታ ድንግል ማርያምን ለመሳለም ወደ ሉርድ ለምታደርገው ጉዞ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ ከተማ ወረደች። «ድንግል ማርያም ትረዳኛለች» አለች፤ «እሷም ብትሆን ናዝሬት በኢየሩሳሌም ስም ሥር ተጠቃላ ብትጻፍ ደስ አይላትም ነበር።» አንድ ያገለገለ ኮምፒውተርና የጸሎት መጽሐፍ የምታክል ጥቁር ሞደም ገዛች። ሻጩ «ልጅ ካለዎት ይገጥምልዎታል» ብሎ ሲጀምር ቀና ብላ አየችው። «አንተ ሳትወለድ እኔ ስሰካ ነበር» ብላው ወጣች።

ማታ ሳይሆን በጠራራ ቀን፣ ጎረቤት እያየ፣ መስኮቱን ከፍታ ነው የገጠመችው። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበበች። ወፍራሙን ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰካችና ብሎኖቹን በቅቤ ቢላዋ አጠበቀች። ቀጭኑን ከግድግዳው የስልክ ሶኬት አመጣች። መጀመሪያ የመስመሩንና የስልኩን ቀዳዳ አቀያይራ ኖሮ ቀያዮቹ መብራቶች በርተው ድምፅ ጠፋ፤ ለራሷ አንድ ስድብ ሰጥታ አዞረቻቸው። ከዚያ መመሪያው እንዳዘዘው ኤ እና ቲ ጽፋ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ «ኦኬ» ብሎ መለሰ።

«ተመስገን» አለች፤ «በዚህ ቤት ሲጠሩት አቤት የሚል ተገኘ።» ድመቷ እንዳልሰማች ሆነች።

የጋዜጣውን ቁጥር ጻፈች። ሞደሙ ራሱ ደወለ፤ ከወዲያ ሌላ ሞደም አነሳ፤ አንዱ አፏጨ፣ ሌላው ጮኸ፣ ተጯጯኹ፣ ከዚያ ድምፃቸው እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሆኖ ዝም አሉ። ተግባብተዋል። አትራክታ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንንም ከማንም አላገናኘችም ነበር።

ደስታው የቆየው ግማሽ ደቂቃ ነው። መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ደወለች፣ ተቋረጠ። ፍጥነቱን ቀነሰችው፣ ተቋረጠ። በዘጠነኛው ሙከራ ጽሑፉ እንደምንም አለፈ፤ ወዲያው ግን ከጋዜጣው ቢሮ ሩሪ የሚባለው ወጣት አዘጋጅ ደወለ።

«ወይዘሪት ጊልሁሊ፣ የሙከራ ጽሑፍዎ ደርሶናል። ግን… ላንብብልዎት? የወይዘሮ ብሪጂ ጎሃን ቀብር እሑድ ዕለት ቅንፍ ቅንፍ ጥያቄ ምልክት ተፈጸመ። ቤተሰቡ ለ… ፐርሰንት፣ ሰባት፣ ሰባት… ምስጋና ያቀርባል።» ከኋላው ሰው ሲስቅ ይሰማል። «አይድከሙ ለማለት ነው። የባሊናሻው መምህር የእርስዎንም አብረው ሊልኩ ፈቅደዋል። ደግ ሰው ናቸው።»

«ደግነታቸውን ለራሳቸው ያቆዩት። ስንት ሰኞ ቀረኝ?»

«አንድ።»

«ይበቃኛል።»

የስልክ ብልሽት ክፍል ደወለች። ያነሳው ሰውዬ መስመሩን ከዚያው ሆኖ ፈተሸው። «ለንግግር ደህና ነው፣ እመቤቴ። ምናልባት የሚጫኑት ቁልፍ…»

«ለቁልፍ ጉዳይ አታስብልኝ» ብላ ዘጋችበት።

ከዚያ መጀመሪያ ማድረግ የነበረባትን አደረገች። ሞደሙን ነቀለች፣ የስልኩን እጀታ አነሳች፣ አንድ ቁጥር ተጭና የመደወያውን ጩኸት ዝም አሰኘችና ዓይኗን ጨፈነች። ድሮ ትሰማው እንደነበረው ሰማች። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ቀጭን ናት፤ ሰው ሲያወራ አትሰማም። ውሃ እንዲህ ሰዓት አያከብርም፤ ነፋስም አያከብርም። በየሰከንዱ፣ ሳይቀድም ሳይዘገይ፣ ጠቅ። አትራክታ ዓይኗን ገለጠችና በመስኮት አየች። ከማሳው ዳር የስልክ እንጨቶቹ በተርታ ቆመዋል፤ በሦስቱ እንጨቶች ወገብ ላይ፣ ከስልኩ ሽቦ ሥር፣ ሌላ ሽቦ ተቸንክሯል። የከብት ኤሌክትሪክ አጥር፤ ከብት እንዳይወጣ በየሰከንዱ የሚነዝረው።

«ፌስተስ!» አለች። «አንተ ድንጋይ!»

ፌስተስ ላቬል ሰባ ዓመት ያለፈው ወንደላጤ ጎረቤቷ ነው። አትራክታ በአውራጃው የከብት ትርኢት የጊደሬን ውጤት አሳስታ ጻፈችብኝ ብሎ ካኮረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በመካከላቸው ያለው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን እንኳ ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። አትራክታ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ዝናቡን ከቁም ነገር ሳትቆጥር፣ ካቡን ተሻግራ ሄደች። ፌስተስ ኮርማው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«አጥርህ ስልኬ ውስጥ ገብቷል።»

ፌስተስ ወደ ኮርማው ዞረ። «ሰማህ ባርኒ? ሰው የተናገረ መሰለኝ።»

«አንተን ነው የምናገረው! ሽቦህን የስልክ እንጨት ላይ ቸንክረሃል። አጥርህ ጠቅ ባለ ቁጥር መስመሬን ያበላሸዋል።»

«እንጨቱ ሥራ ፈቶ ቆሞ ነበር።»

«ስልክ ተሸክሟል!»

«አንድ ሽቦ ለተሸከመ ሁለተኛ ምን ይከብደዋል?»

አትራክታ ደብዳቤውን፣ ሞደሙን፣ የቀረውን አንድ ሰኞ ነገረችው። «ሰኞ ከእኩለ ቀን በፊት አንድ ሰዓት ብቻ አጥፋልኝ» አለች። ከአንደበቷ «እባክህ» አልወጣም።

«ሁለተኛ ነበረች» አለ ፌስተስ።

«ማን?»

«ታውቂያታለሽ። ሮዚን። ጊደሬ።»

«ሦስተኛ።»

«ሁለተኛ! ሰማያዊ ሪባኗ ከምድጃዬ በላይ ተሰቅሏል። አስተካክለሽ ጻፊ፣ አጠፋለሁ።»

«እውነት ያልሆነውን ለአንተም ለጳጳሱም አልጽፍም።»

«እንግዲያው ጠቅ ጠቅ ይበልሽ።»

አትራክታ ሄዳ ካቡ ጋ ስትደርስ ተመለሰች። «አንድ ነገር ልንገርህና ልሂድ። አንድ ቀን ትሞታለህ…»

«አንቺ ቅደሚ።»

«…ሐሙስ ቀን ጋዜጣ ላይ ትወጣለህ። በደማቁ ባሊናሻ ይላል። ከሥሩ የባሊናሻ ቢንጎ ጨዋታ፣ የባሊናሻ መዘምራን፣ ከዚያ ፌስተስ ላቬል። የእናትህ ሙት ዓመት በባሊናሻ። ሮዚን ራሷ ብትነሳ የባሊናሻ ጊደር!»

ፌስተስ ቆቡን ወደ ግንባሩ ሳበ። ውሃው ከቆቡ ጫፍ ይንጠባጠባል፤ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል። «እነዚያ ሌቦች» አለ በመጨረሻ።

«ሌቦች!»

«ከእነሱ ጋር የገጠምነው የስድሳ አንዱ ጨዋታ… ኳሷ መስመሩን አላለፈችም ነበር።»

«አላለፈችም። እኔም እዚያ ነበርኩ።»

ለአፍታ ሁለቱም ያችን ኳስ አዩ። ከዚያ ፌስተስ ጉሮሮውን ጠረገ። «አጥሩ ከጠፋ ባርኒ አስፋልት ይወጣል።»

«ያዘዋ።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ? በዝናብ?»

«እኔ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ሞደም ገጥሜያለሁ። አንተ አንድ ኮርማ መያዝ ያቅትሃል?»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አትራክታ ዜናውን ልትጽፍ ተቀመጠች፤ ሰማያዊው ሪባን ግን ከሐሳቧ አልወጣ አለ። በአውራጃው ትርኢት ሰማያዊ የሁለተኛ ነው፤ የሦስተኛ ቢጫ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። የካርቦን ቅጂዎቿን የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከአልጋዋ ሥር ጎትታ አወጣች። የዚያ ነሐሴ ወረቀት ተገኘ፤ ከጀርባው የዳኞቹ ዝርዝር በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ሁለተኛ፣ ሮዚን፣ ኤፍ. ላቬል። ከፊቱ ደግሞ በገዛ እጇ ጽሕፈት፦ ሦስተኛ።

ቀኑን አየች። ማዞሪያው በመኪና የተጫነበት ሳምንት ነው። ፊደሎቹ ተንሻፍፈዋል፤ እያለቀሰች ነበር የጻፈችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ኪልቱበር ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ሲያወራው፣ የአርባ ሁለት ስልክ ጆሮ የነበረችው ሴትዮ አልሰማችም። አፈረች። ብቻዋን በተቀመጠችበት ፊቷ ቀላ። ወረቀቱን ወደ ቆርቆሮው መልሳ መክደን ትችል ነበር፤ ማንም አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታው አደረች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ፌስተስ የአጥሩን ባትሪ ፈታ፤ ገመዱን በባርኒ አፍንጫ ቀለበት አስገብቶ በማሳው መውጫ ላይ ቆመ። አትራክታ እጀታውን አንስታ ሰማች። ምንም የለም። እንዲህ ያለ ጥሩ ዝምታ ከማዞሪያው ዘመን ወዲህ ሰምታ አታውቅም። ሞደሙን ሰካችና ደወለች። አፏጩ፣ ተጯጯኹ፣ ተግባቡ። መስመር በመስመር እየሄደ፣ ሙታኑም ልደቱም አልፎ፣ የመጨረሻው ቃል ሄደ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ሁሉም ደርሷል!» አለ ሩሪ። «አንዲት ፊደል አልጎደለችም። እንዴት አደረጉት?»

«ሰማሁ።»

«በጣም ጥሩ። የኪልቱበር ስም ይቆያል። አንድ ነገር ብቻ… የመጀመሪያው አንቀጽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስለነበረች ጊደር ነው። ቦታ ስለጠበበን እሷን ብናወጣት…»

«ልጄ፣ የኪልቱበር ዜና የሚቆረጠው ኪልቱበር ውስጥ ነው። ቦታ ከጠበባችሁ ከባሊናሻ ቁረጡ።»

ሐሙስ ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ በደማቁ ኪልቱበር ከሚለው ሥር፣ ከሙታኑ ሁሉ ቀድሞ እንዲህ ተጽፎ ወጣ፦ «ማስተካከያ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በትርኢቱ የፌስተስ ላቬል ጊደር ሮዚን ሦስተኛ ወጣች ተብሎ ተጽፏል። ሮዚን ሁለተኛ ናት። ስሕተቱ የጋዜጣው ሳይሆን የዘጋቢዋ ነው።» ፌስተስ ሱቁ የነበሩትን ስድስት ጋዜጦች ሁሉ ገዝቶ ሄደ፤ የቀረው ሰው ጋዜጣ አጥቶ እየረገመው ዋለ። ወደ አትራክታ ቤት ግን አልመጣም። እሷም አልጠበቀችውም።

በሚቀጥለው ሰኞ አትራክታ ቦት ጫማዋን አዘጋጅታ፣ ካቡን ተሻግራ የምትለውንም በሆዷ ሰድራ እጀታውን አነሳች። ጠቅታ የለም። በመስኮት አየች። ዝናቡ በጎን ይመታል፤ ፌስተስ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ከባርኒ ጋር መውጫው ላይ ተገትሯል። ማንም አልጠየቀውም። መስኮቱን ከፈተችው።

«ምን ታፈጪብኛለሽ!» ብሎ ጮኸ ከማዶ። «ጻፊ እንጂ!»

አትራክታ ተቀመጠችና ከላይ፣ በትልልቁ፣ ኪልቱበር ብላ ጀመረች።